ሴቷ ልጄ ሜሪላንድ ስንተኛ ክፍል ትገባለች?

ጥያቄው ከደብረ ብርሃን የመጣ ነው፦ «ሴቷ ልጄ የተወለደችው ኅዳር 12 ቀን 2006 ዓ.ም. ነው። አምስተኛን ጨርሳ ዘንድሮ፣ በ2018፣ ስድስተኛ ገብታለች። ታላቅ ወንድሟ መጋቢት 3 ቀን 2001 ተወልዶ ሞጃና ወደራ አያቶቹ ዘንድ አደገ፤ አንደኛ ክፍል የገባው በ2009 ነው። በ2016 ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ዓመቱን ሙሉ ስላልተማረ አሁን ገና ዘጠነኛ ነው። አባታቸው ሜሪላንድ ነው፤ ሊወስደን ጉዳዩን ጀምሯል። እሱ ‹ስድስተኛ ናት› ይላል፣ ለንደን ያለችው አክስቷ ደግሞ ‹ሰባተኛ ናት እንጂ› ትላለች። ማንኛቸው ልክ ናቸው? ወንድ ልጄስ እንዴት ይሆናል? ከወዲሁ ምን ላዘጋጅ?»

ሁለቱም ልክ ናቸው። አባትየው የነገረዎት የሜሪላንድን ነው፣ አክስቲቱ የእንግሊዝን። ልጅዎ ኒው ዮርክ ከተማ ብትሆን ሰባተኛ ነበረች፤ ስቶክሆልም ስድስተኛ፣ ኦስሎ ሰባተኛ፣ ፓሪስ ደግሞ «አምስተኛ»። ልጅቷ ያው ናት፣ የተማረችውም ያው ነው። የክፍል ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግርዎትም። ከስንት ዓመት ዕድሜ ጀምሮ እንደተቆጠረና ዕድሜው የሚያዝበት ቀን መቼ እንደሆነ ሲታወቅ ነው ትርጉም የሚኖረው። ስለዚህ ሁለት ነገር ይያዙ፦ የልደት ቀኗን በትክክል፣ እስካሁን የተማረችባቸውን ዓመታት ብዛት በትክክል። ሌላው ሁሉ ከነዚህ ይወጣል።

በእኛ አገር ደንቡ በ7 ዓመት አንደኛ ክፍል መግባት ነው። አሁን ያለው ሥርዓት 2 ዓመት ቅድመ አንደኛ፣ 6 ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ 2 ዓመት መካከለኛ፣ 4 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ነው። በደንቡ ገብቶ ያልደገመ ልጅ የክፍሉ ቁጥር ላይ 6 ሲደመር ዕድሜው ይመጣል፦ 6ኛ ክፍል 12 ዓመት፣ 9ኛ ክፍል 15 ዓመት። አሜሪካ አንደኛ ክፍል በ6 ዓመት ስለሚጀመር የሚደመረው 5 ነው። እንግሊዝ ልጁ አራት ዓመት ከሞላው በኋላ በሚመጣው መስከረም «ሪሴፕሽን» የሚባል ክፍል ይገባል፤ «ዪር ዋን» የሚጀምረው በ5 ዓመቱ ነውና የሚደመረው 4 ነው። ስዊድንና ፊንላንድ እንደኛው በ7 ይጀምራሉ። ኖርዌይ ግን ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ6 ስለሆነ ከጎረቤቷ ከስዊድን ጋር እንኳ በአንድ ይለያያሉ።

እንግዲህ በ7 ዓመቱ የገባ የኛ ልጅ በዕድሜው ብቻ ከተመደበ አሜሪካ ሲደርስ አንድ ክፍል፣ እንግሊዝ ሲደርስ ሁለት ክፍል ወደፊት ይገፋል። ቤተሰብ ይህን ሲሰማ ልጁ ያደገ መስሎት ደስ ይለዋል። ደስ የሚያሰኝ አይደለም፤ ያልተማረውን ዓመት ዘሏል ማለት ነው። ክፍተቱ ጎልቶ የሚታየው በሒሳብ ነው፣ ምክንያቱም ክፍልፋይ በደንብ ያልያዘ ልጅ አልጀብራ ላይ ይቆማል። በሦስት ዓመቱ ነርሰሪ ገብቶ፣ ኤልኬጂና ዩኬጂ ጨርሶ በ6 ዓመቱ አንደኛ የገባ የከተማ ልጅ ይህ ችግር የለበትም፤ ከአሜሪካው እኩል ነው።

ታዲያ ሴቷ ልጅዎ ሜሪላንድ ለምን ወደ ሰባተኛ አልተገፋችም? የተወለደችበት ወር ነው መልሱ። እያንዳንዱ አገር፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ ስቴት፣ የልጁን ዕድሜ የሚያይበት አንድ መቁረጫ ቀን አለው። ሜሪላንድ ሴፕቴምበር 1 ነው፤ በዚያ ቀን 5 ዓመት የሞላው ኪንደርጋርተን፣ ከአንደኛ በፊት ያለውን ክፍል፣ ይገባል። ኒው ዮርክ ከተማ ዲሴምበር 31 ነው። ቨርጂኒያ ሴፕቴምበር 30፣ ዋሽንግተን ስቴት ኦገስት 31። ልጅዎ በኅዳር በመወለዷ ከሴፕቴምበር 1 በኋላ፣ ከዲሴምበር 31 በፊት ትውላለች፤ ለዚህ ነው ሁለቱ ቦታዎች አንድ ክፍል የሚያለያዩዋት። በሚያዝያ ብትወለድ ኖሮ ሜሪላንድም ኒው ዮርክም አንድ ዓይነት ቁጥር ይሰጧት ነበር። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 22 የተወለደ ልጅ ያለው ወላጅ ሁሉ የሚሄድበትን ቦታ መቁረጫ ቀን ሳያውቅ ምንም ባይገምት ይሻላል።

ስሌቱን በልጅዎ ላይ እንሥራው። መጀመሪያ ልደቷ ወደ እነሱ አቆጣጠር ይዙር። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ባለው የተወለደ ሰው ዓመቱ ላይ 7 ይደመራል፤ ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜን 8 ይደመራል (ጳጉሜን 6 በሆነች ማግስት ባለው ዓመት ድንበሩ በአንድ ቀን ይቀድማል)። ኅዳር 12 ቀን 2006 ስለዚህ ኖቬምበር 21 ቀን 2013 ነው። ለሜሪላንድ፦ 5 ዓመት ሞልቷት የመጀመሪያው ሴፕቴምበር 1 በ2019 ነው፤ ያኔ ኪንደርጋርተን፣ በ2020 አንደኛ፣ እያለ በ2025 መከር ስድስተኛ። ለእንግሊዝ፦ 4 ዓመት የሞላት በኖቬምበር 2017 ነው፤ በሴፕቴምበር 2018 ሪሴፕሽን፣ በ2019 ዪር ዋን፣ በ2025 ዪር ሰቨን። ለስዊድን፦ 7 ዓመት በምትሞላበት ዓመት፣ በ2020፣ አንደኛ፤ በ2025 ስድስተኛ። ኖርዌይ 6 ዓመት በምትሞላበት በ2019 ስለምትጀምር ሰባተኛ። የካናዳዋ ኦንታሪዮም የምትቆጥረው በዓመቱ ስለሆነ ሰባተኛ ናት።

ፈረንሳይ «አምስተኛ» ያልኩት ስህተት አይደለም። ፈረንሳዮች የአንደኛ ደረጃን አምስት ዓመታት በፊደል ከጠሩ በኋላ ቀጣዩን «ስድስተኛ» ይሉትና ከዚያ ወደ ታች ይቆጥራሉ፦ ስድስተኛ፣ አምስተኛ፣ አራተኛ፣ ሦስተኛ፣ እያለ እስከ «ቴርሚናል»። አዲስ አበባ ሊሴ ገብረ ማርያም የተማረ ዘመድ ካለዎት ይህን ያውቀዋል። ስለዚህ ፓሪስ ያለ ልጅ «ሦስተኛ ነኝ» ካለ የዘጠኝ ዓመት ተማሪ ነው፣ ሕፃን አይደለም።

ለእኛ አካባቢ ይበልጥ የሚነካው ግን የሳዑዲ አጠራር ነው። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ከሪያድና ከጅዳ የተመለሱ ልጆች የሌሉበት ትምህርት ቤት ማግኘት ይከብዳል። ሳዑዲ 6 ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ 3 ዓመት መካከለኛ፣ 3 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ሆኖ በየደረጃው ቁጥሩ እንደ አዲስ ከአንድ ይጀምራል። «ሁለተኛ መካከለኛ» የሚል ወረቀት 8ኛ ክፍል ነው፤ «አንደኛ ሁለተኛ ደረጃ» 10ኛ ነው። «ሁለተኛ» የሚለውን ብቻ አንብቦ ልጁን ዝቅ አድርጎ መመደብ ከባድ በደል ነው። ጣሊያንና ጃፓንም እንዲሁ በየደረጃው እንደ አዲስ ይቆጥራሉ። እስራኤል በቁጥር ፈንታ በዕብራይስጥ ፊደል ትጠራለች፤ የመጀመሪያው ፊደል አንደኛ ክፍል ነው። ከውጭ ለመጣ ልጅ ወረዳው ሲያመነታ ወላጅ የሚጠይቀው የ«አቻ ግምት» ነው፣ የልጁ ክፍል ከእኛ ስንተኛ ጋር እኩል እንደሆነ የሚገልጽ ወረቀት። ወረቀቱ ተተርጉሞ፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የተማረው ዓመት ብዛት በግልጽ ተጽፎበት ሲቀርብ ጉዳዩ ቶሎ ያልቃል።

አሁን ወደ ወንድ ልጅዎ። የበለጠ ሐሳብ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

መጋቢት 3 ቀን 2001 ማርች 12 ቀን 2009 ነው። በሴፕቴምበር 2025 ዕድሜው 16 ዓመት ከ6 ወር ሆኗል። በዕድሜው ብቻ ከተቆጠረ አሜሪካ 11ኛ ክፍል ነው። የተማረው ግን ስምንት ዓመት ነው፤ ዘጠነኛውን ገና ይዞታል። ሁለት ክፍል ይራራቃሉ፦ አንዱ ዓመት እንደ ገጠሩ ልማድ በ7 ከመንፈቅ ከመግባቱና እኛ በ7 ከመጀመራችን የመጣ፣ ሌላው በ2016 የባከነው።

አሜሪካ እስከ 8ኛ ክፍል ድረስ ልጅ በአብዛኛው የሚመደበው በዕድሜው ነው። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለው ሃይስኩል ግን በክሬዲት፣ ማለትም እያንዳንዱን ትምህርት ተምሮ ሲያልፍ በሚያዝለት ነጥብ፣ ነው የሚሄደው። ሜሪላንድ ዲፕሎማ ለመስጠት ቢያንስ 21 ክሬዲት ትጠይቃለች፤ ከነዚህ 4ቱ እንግሊዝኛ ናቸው። ልጁ 16 ዓመቱ ስለሆነ ብቻ 11ኛ ቢቀመጥ ሁለት ዓመት ቀርቶት፣ ክሬዲቱ ባዶ፣ የ9ኛና የ10ኛ እንግሊዝኛ ያላለፈ ተማሪ ይሆናል። በ18 ዓመቱ ጓደኞቹ ሲመረቁ እሱ ያለ ዲፕሎማ ይቀራል፤ ብዙ ወጣት ትምህርቱን ጥሎ ሥራ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። 9ኛ ክፍል ከተመደበ ደግሞ አይከፋ። በጁን 2029 ሲጨርስ 20 ዓመት ከ3 ወሩ ይሆናል። የሜሪላንድ ሕግ በትምህርት ዓመቱ መጀመሪያ 21 ያልሞላውን ሁሉ በነፃ ያስተምራል፤ የመጨረሻው ዓመት ሲጀመር 19 ከመንፈቁ ስለሚሆን ይደርሳል። ጉዳዩ ቢጓተትና አንድ ዓመት ቢዘገዩ እንኳ ቦታ አለው፤ ሁለት ዓመት ከዘገዩ ግን በጣም ይጠባል። ስለዚህ የእሱ ነገር ከእሷ ይልቅ ጊዜ አይሰጥም።

እንግዲህ ዘንድሮ ዘጠነኛን ሳያቋርጥ እዚሁ መጨረሱ ትልቅ ዋጋ አለው። የ9ኛ ክፍል ውጤቱ ሙሉ ሆኖ፣ ማኅተም አርፎበት ከሄደ እያንዳንዱ ትምህርት በክሬዲት ሊያዝለት ይችላል። አሜሪካኖች ለአንድ ክሬዲት የሚያስቡት በተለምዶ 120 ሰዓት ያህል ትምህርት ነው። ሒሳብ በሳምንት 5 ክፍለ ጊዜ፣ እያንዳንዱ 40 ደቂቃ፣ በዓመት 36 ሳምንት ከተሰጠ 7,200 ደቂቃ ይሆናል፤ ይኸውም በትክክል 120 ሰዓት። ትራንስክሪፕቱ ላይ ግን ክፍለ ጊዜው አይጻፍም። ስለዚህ ርእሰ መምህሩን አንድ ተጨማሪ ደብዳቤ ይጠይቁ፦ የትምህርቱ ስም፣ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ፣ ክፍለ ጊዜው ስንት ደቂቃ፣ ዓመቱ ስንት ሳምንት፣ የማለፊያ ነጥብ ስንት እንደሆነ የሚገልጽ። አንድ ገጽ ነው፤ አንድ ዓመት ሊያተርፍለት ይችላል። አማርኛውንም አይናቁት፣ እንደ ሌላ አገር ቋንቋ ክሬዲት የሚይዙ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ይጠይቁ።

አክስቱ ዘንድ ለንደን ቢሄድ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። እንግሊዝ ልጆች ትልቁን የጂሲኤስኢ ፈተና የሚወስዱት በዪር ኢለቨን መጨረሻ፣ በ16 ዓመታቸው ነው። ልጅዎ በዕድሜው ዪር ትዌልቭ ላይ ስለሆነ ያ በር አልፎታል፤ የሚላከው ወደ ኮሌጅ፣ መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ ትምህርት ነው። ስዊድንም አስገዳጁ ትምህርት ስላለፈው ወደ ጂምናዚየም (ከዘጠነኛ በኋላ ያለው ሁለተኛ ደረጃ) የቋንቋ መግቢያ ፕሮግራም ይገባ ነበር። ቤተሰብ ልጅ ሊልክ ሲያስብ 15ና 17 ዓመት መካከል ያለው ጥቂት ወር የቱን ያህል እንደሚያለያይ ልብ ይበል።

ስለ ባከነው ዓመት ደግሞ አይደብቁ። የ7ኛ ክፍል ካርዱ 2015፣ የ8ኛው 2017 ስለሚል ክፍተቱ እንዲሁ ይታያል፤ ማብራሪያ የሌለው ክፍተት ልጁ ወድቆ የደገመ ያስመስለዋል። ትምህርት ቤቱ ወይም የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት «በ2016 ትምህርት አልተሰጠም» የሚል አጭር ደብዳቤ ይጻፍ። ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ጦርነት በደረሰበት በኅዳር 2014፣ ወይም ኮሮና ትምህርት ቤት ባዘጋበት በ2012 ሁለተኛ መንፈቅ የተጎዳ ልጅ ያላቸውም ይህንኑ ያድርጉ።

ዕድሜውን ቀንሶ 9ኛ ክፍል ላይ «ልክ እንዲሆን» ማድረግ የሚመክሩ ሰዎች አይጠፉም። በፍጹም አያድርጉት። ፓስፖርቱ፣ የልደት ምስክር ወረቀቱ፣ የትምህርት ቤቱ መዝገብና አባትየው በማመልከቻው ላይ የጻፈው ቀን አንድ ካልሆኑ የሚጠፋው ክፍል ብቻ አይደለም፣ ጉዳዩ ራሱ ነው። ደግሞም አያስፈልገውም፤ 16 ዓመት ሆኖ 9ኛ መግባት ከሩቅ ለመጡ ልጆች የተለመደ ነው።

ሳይታወቅ የሚሠራው ስህተት ግን ከዚህ የባሰ ነው፣ ቀን ሳይለውጡ መጻፍ። የሴት ልጅዎን ልደት አንድ ጸሐፊ 12/03/2006 ብሎ በትራንስክሪፕቱ ላይ ቢተይበው፣ ኅዳር ሦስተኛ ወር ስለሆነ ለእኛ ልክ ነው። አሜሪካዊው ወርን አስቀድሞ ስለሚያነብ ዲሴምበር 3 ቀን 2006 ይለዋል፤ እንግሊዛዊው ማርች 12 ቀን 2006። በሁለቱም ንባብ የስድስተኛ ክፍል ሕፃን 18 ዓመት ያለፋት ሴት ትሆናለች። ሌላው ደግሞ ወሩን ሳያይ 8 ይደምርና 2014 ይላል፤ ያን ጊዜ በአንድ ዓመት ታንስና አምስተኛ ክፍል ትመደባለች። መፍትሔው ወሩን በፊደል ማስጻፍ ነው፦ «ኖቬምበር 21 ቀን 2013» በእንግሊዝኛ፣ ከጎኑ «ኅዳር 12 ቀን 2006 ዓ.ም.»። የትምህርት ዓመቱም እንዲሁ፦ 2017 ዓ.ም. ማለት ለእነሱ 2024/25 ነው፤ ካልተብራራ ከስምንት ዓመት በፊት ተምራ ያቆመች ያስመስላታል።

ነጥቡን በተመለከተ፣ በእኛ ቤት 50 ማለፊያ ነው፣ 85 ደግሞ ጎበዝ ተማሪ ነው። ብዙ የአሜሪካ ትምህርት ቤት 60 ወይም ከዚያ በላይ ካልሆነ አያሳልፍም፤ 72 ሲያዩ ደካማ ይመስላቸዋል። 60 ልጅ ባለበት ክፍል 3ኛ የወጣ ተማሪ 72 ቢኖረው ደረጃው ነው የሚያስረዳለት፤ ስለዚህ «ከ60 ተማሪ 3ኛ» የሚለው በእንግሊዝኛው ላይ እንዳይቀር። ጀርመን ጭራሽ ተገልብጦ 1 ምርጥ፣ 6 የወደቀ ነው። እዚያ ዩኒቨርሲቲ የሚያመለክት ዘመድ ካለ የሚሠሩበት ቀመር እነሆ፦ ከከፍተኛው ነጥብ የእሱ ነጥብ ይቀነሳል፣ ከፍተኛው ከማለፊያው በሚበልጥበት ልዩነት ይካፈላል፣ በ3 ይባዛል፣ 1 ይደመርበታል። 85 ላለው፦ 15 ለ50 ሲካፈል 0.3፣ በ3 ሲባዛ 0.9፣ 1 ሲደመር 1.9። ጥሩ ነጥብ ነው።

ወረቀቱን ከአሁኑ ይጀምሩ። የልጅቷ ከ3ኛ እስከ 5ኛ ክፍል ካርዶች፣ የልጁ የ7ኛና የ8ኛ ካርድ፣ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤቱ፣ ሲለቁ ደግሞ የሁለቱም መሸኛ ያስፈልጋል። ካርድ ከጠፋ አይጨነቁ፣ ትምህርት ቤቱ ሮስተር አለው፤ ውጤቱ ከሮስተሩ ተገልብጦ ትራንስክሪፕት ይወጣል። የሞጃና ወደራውን በተለይ አሁኑኑ ያስወጡ፣ ክረምት ከገባ ሪከርድ ክፍሉን የሚከፍት ሰው ላያገኙ ይችላሉ። ስማቸው በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይሁን። ማኅተሙ ጽሑፉን ሳይሸፍን፣ የርእሰ መምህሩ ስምና የፈረመበት ቀን ይታይ። ከያንዳንዱ ሦስት ሦስት ኦሪጅናል ያስወጡ፤ አንዱን ታሽጎ በኤንቨሎፕ ያኑሩት። የክትባት ካርዳቸውንም አብረው ይያዙ፤ የአሜሪካ ትምህርት ቤት ያለሱ አያስገባም፣ ካልተገኘ እንደ አዲስ ያስከትባል።

እዚያ ሲደርሱ በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ ቤት ውስጥ የምትናገሩት ቋንቋ ይጠየቃል። «አማርኛ» ብለው ይጻፉ። እንግሊዝኛ ቢሉ ልጆቹ የሚከበሩ መስሏቸው ያንን የሚሞሉ ወላጆች አሉ፤ ያኔ ልጁ የቋንቋ መመዘኛውን ሳይወስድ፣ የሚገባው የእንግሊዝኛ ድጋፍ ሳይሰጠው በቀጥታ ይገባል። የቋንቋ ድጋፍ ማግኘት ክፍል አያስቀንስም።

ስለ ልጅቱ አንድ ነገር ቀርቷል፣ መቼ ትደርሳለች የሚለው። የሜሪላንድ ትምህርት ከኦገስት መጨረሻ ገደማ እስከ ጁን ነው። በየካቲት ወይም በመጋቢት 2018 ከደረሱ እዚያም ስድስተኛ አጋማሽ ላይ ትገባለች። ሰኔ ላይ ስድስተኛን ጨርሳ ሐምሌ ከሄደች ደግሞ በኦገስት ሰባተኛ ትጀምራለች፤ አንድም ነገር አይዘለልባትም። ምርጫው በእጅዎ ከሆነ ይህኛው ይሻላል፣ ለወንድሟም ዘጠነኛውን ሙሉ ያደርግለታል። በዚያ ብዙ ቦታ ከ6ኛ እስከ 8ኛ ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነው፤ ለየትምህርቱ ክፍል እየቀየረች ትሄዳለች፣ መርሐ ግብሯን በእንግሊዝኛ ማንበብ ይኖርባታል። እስከዚያው የሒሳብ ቃላቱን በእንግሊዝኛ፣ ክፍልፋይን፣ አስርዮሽን፣ መቶኛን፣ በቀን ሃያ ደቂቃ ታጥናቸው። አምስተኛ ክፍል በአማርኛ የተማረችውን ታውቀዋለች፤ የጎደላት ስሙ ነው።